ቁልቁል የተሠራ ቤት

ወንድሜ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ ሚስቱ ደግሞ እዚያው አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆራጭ። ሰው ሁሉ «ጠጋ በሉ» ይላታል። እናቷ ያወጣችላት ስም እኔ እንኳ ቆም ብዬ ካላሰብኩ አይመጣልኝም። ከጠዋት እስከ ማታ የኋላው በር ላይ ቆማ «ጠጋ በሉ! ጠጋ ጠጋ! አንተ ጎረምሳ፣ ወንበሩ የሁለት ሰው ነው፣ አትዘርፈጥበት!» ስትል ስለኖረች ስሙ ተጣብቆባት ቀረ። የሠርጋቸው ዕለት ፎቶ አንሺው «ሙሽሪት፣ ወደ ሙሽራው ትንሽ...» ብሎ ሳይጨርስ ከኋላ የቆሙት የወንድሜ ጓደኞች በአንድ አፍ «ጠጋ በይ!» አሉ። ፎቶው ላይ ሙሽራው ዓይኑን ጨፍኖ ሲስቅ፣ ሙሽሪት ወደ ኋላ ዞራ ስትቆጣ ይታያል። እስከ ዛሬ ግድግዳቸው ላይ ተሰቅሏል።

እኔ የወንድሜ ታላቅ ነኝ። የምንኖረው አንድ ግቢ ውስጥ ነው፤ የእኔ መስኮት የእነሱን ደጅ ያያል። የልጅ ልጆቼ «እማማ፣ ከቴሌቪዥኑና ከመስኮቱ የቱ ይሻልሻል?» እያሉ ያሾፉብኛል። ቴሌቪዥኑ ላይ የማየውን ሰው አላውቀውም። መስኮቱ ላይ የማያቸውን ሁለቱን ግን አንዱን በጀርባዬ አዝዬ አሳድጌዋለሁ፣ አንዷን ደግሞ ለእሱ የመረጥኳት እኔ ነኝ። ስለዚህ መስኮቱ ይሻለኛል።

በሥራ ዘመናቸው ሁሉ ሁለቱ ፊት ለፊት ተያይተው አያውቁም። እሱ ፊት፣ እሷ ኋላ፤ መሀላቸው ሕዝብ። የሚነጋገሩት በቆርቆሮ ነበር። ጠጋ በሉ የአውቶቡሱን ጎን በመዳፏ አንድ ጊዜ ከመታች ቁም ማለት ነው፤ ሁለት ጊዜ ከመታች ሂድ ማለት ነው። በሁለተኛው ምት ላይ «ሳበው!» ትጨምርበታለች። በዚህ ቋንቋ አንድም ቀን ተጣልተው አያውቁም። ቤት ገብተው እንደ ሰው በአፋቸው ሲነጋገሩ ግን አንዱ ያለው ለሌላው አይገባውም።

ቤታቸውን የሠሩት በገዛ እጃቸው ነው። ወንድሜ ከአውቶቡስ ሌላ ቤት አያውቅምና ቤቱንም አውቶቡስ አደረገው። የፊት በር አለው፤ የኋላ በር አለው፤ መሀሉ ረጅም መተላለፊያ ነው። ከጣሪያው ሥር ደግሞ ከዳር እስከ ዳር የእጅ መያዣ ብረት ዘረጋበት።

«ቤት እኮ አይንቀሳቀስም! ማን ይይዘዋል ይሄን?» ብዬ ብጠይቀው፣

«እትዬ፣ ሰው የሚይዘው አጥቶ ሲቆም አንጀቴን ይበላኛል» አለኝ።

እውነትም እንግዳ ሲመጣ ሳያውቀው እጁን ሰቅሎ ብረቱን ይዞ ያወራል። ጠጋ በሉ ደግሞ ሳሎኑ ውስጥ የመውረጃ ደወል አስገባች፤ ሻይ ያማረው ይጫነዋል። ወንድሜ ያንን ደወል በሰማ ቁጥር እግሩ ሳያስበው ፍሬን ይረግጥና ጠረጴዛውን ከነሻዩ ይገለብጠው ነበር። ደወሉን አነሱት። ብረቱ ግን አለ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የእነሱ አውቶቡስ ከገበያው ተነስቶ ኮረብታው ግርጌ ያለው የመጨረሻ ፌርማታ ደርሶ ይመለሳል። የሚያበቃው አውቶቡሱ ነው እንጂ መንገዱ አያበቃም። መንገዱ ኮረብታውን ይወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ወደ ሐይቅ ይወርዳል ይባላል። ጠጋ በሉ ከወጣትነቷ ጀምራ በየቀኑ እዚያ ፌርማታ ላይ ሰው ስታወርድ ያንን መንገድ ታየዋለች። ወንድሜ መሪውን ያዞራል፤ መንገዱ ከኋላዋ መስኮት እያነሰ እያነሰ ሄዶ ይጠፋል። ትኬት ሲቆርጡላት የኖረች ሳትሆን ስትቆርጥ የኖረች ሴት ናትና አንድ ቀን እንኳ ራሷ ተሳፍራ የትም አልሄደችም።

«ጡረታ ስንወጣ ታሻግረኛለህ» ትለው ነበር።

«አሻግርሻለሁ» ይላት ነበር።

ጡረታ ሊወጡ ሲቃረቡ ልምምድ ጀመሩ። ጠጋ በሉ ከአሮጌ የወንበር ልብስ ድንኳን ሰፋች፤ ግቢያችን ውስጥ ተከሉትና አደሩበት። ጠዋት መስኮቴን ስከፍት ድንኳኑ በተተከለበት አለ፤ ሁለቱ ግን የግቢው በር ሥር፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተጠቅልለው ተኝተዋል። ግቢያችን ቁልቁለት ነው። ሎሚ ከእጅሽ ካመለጠ የምታገኚው በሩ ሥር ነው። እነሱም እንደ ሎሚ ወርደዋል።

«ድንኳን ለእኛ አይሆንም» አለ ወንድሜ ወገቡን ይዞ፣ «ወለልና ግድግዳ ያለው ነገር ነው የሚያስፈልገን።»

ያኔ ነው አውቶቡሱም ጡረታ የወጣው። መሥሪያ ቤቱ ሊጥለው ሲል ወንድሜ ለመነና ተሰጠው፤ እየነዳ አምጥቶ ግቢያችን ውስጥ አቆመው፣ አፍንጫውን ወደ በሩ፣ ወደ ቁልቁለቱ አድርጎ። እንዳይንከባለል ለጎማው ታኮ ሰጠው። እኔ በመስኮት ሆኜ «ግቢው እኮ ጠማማ ነው!» አልኩ።

«የራሳችን ግቢ አይደል እትዬ፣ ለምደነዋል!» አለችኝ ጠጋ በሉ።

ሥራው ተጀመረ። ከሹፌሩ አጠገብ ካለው በቀር ወንበሮቹ ወጡ። ጣውላ ገባ፣ መጋዝ ጮኸ። የአልጋው ራስጌ ወደ ኋላ፣ ግርጌው ወደ ፊት ሆነ። ጠረጴዛ ተተከለ። የሳህን ቁም ሣጥን ጎኑ ላይ ተሰቀለ። ወንድሜ እያንዳንዷን ነገር ከመምታቱ በፊት ውሃ ልኩን ያስቀምጥባታል፤ ጠጋ በሉ አጎንብሳ አንድ ዓይኗን ጨፍና የውስጡን አረፋ ታያለች።

«ወደ ግራ... ወደ ግራ... ጠጋ በል... ቁም! መሀል ላይ ነው!»

አረፋው መሀል ሲሆን ምስማር ይመታል። በዚህ ዓይነት አልጋው ቀጥ አለ፤ ጠረጴዛው ቀጥ አለ፤ መደርደሪያው ቀጥ አለ። ሁሉም ነገር ቀጥ ያለው ግን ጠማማ ላይ ለቆመ አውቶቡስ ነው። ይሄንን አንቺ አንባቢዬ አሁኑኑ ገብቶሻል። እኔም ገብቶኝ ነበር። ለእነሱ ሳስረዳ ግን ወንድሜ ውሃ ልኩን አንስቶ አሳየኝና «እትዬ፣ መሣሪያ አይዋሽም» አለኝ። መሣሪያ ከመጣ እኔ ምን እላለሁ? ወደ መስኮቴ ተመለስኩ።

ጉዞው የተጀመረው ጠዋት ነው። ጠጋ በሉ አዲስ ጫማ አድርጋ፣ ወንድሜ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ እንደ እንግዳ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። እጄን አውለበለብኩላቸው፤ «በሰላም ግቡ» አልኳቸው። ለከሰዓት ሻይ ተመልሰው መጡ።

«ምነው?»

«እሱን ጠይቂው!» አለችና ቤት ገብታ በሩን ዘጋችው። ያውም ሁለቱንም በር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሜ ገና ከሰፈር ሲወጣ የመጀመሪያው ፌርማታ ላይ ሰው ቆሞ አየ። ቆመ። በሩን ከፈተ። ሰዎቹም የሚያውቁት አውቶቡስ፣ የሚያውቁት ሹፌር ነውና ገቡ። ጠጋ በሉ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ከአፏ የወጣው ግን «ጠጋ በሉ! ጠጋ ጠጋ!» ነው። ሁለተኛው ፌርማታ ላይም እንዲሁ። የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ «አሁን ገና ሰው አደረጋችሁን! ይሄ ነው አገልግሎት!» ሲል ተሰማ። አንዲት ሴት ጠረጴዛው ላይ ቲማቲም አስቀምጣ ቲማቲሙ በሙሉ ወደ ኋላ ተንከባለለባት። መጨረሻው ፌርማታ ላይ ሰው ሁሉ አመስግኖ ወረደ። ከዚያ ወንድሜ መሪውን አዞረና ተመለሰ።

«ለምን አዞርከው?» አልኩት።

«እጄ ነው ያዞረው።»

«እጅህ ሲያዞር አንተ የት ነበርክ?»

«እኔማ ኮረብታውን እያየሁ ነበር።»

መንገድ ላይ ያው የቤታቸው ጠማማነት ታወቀ። አውቶቡሱ ሜዳ ላይ ሲቆም አልጋው ወደ ራስጌው ይዘማል፤ ጋደም ካልሽ እግርሽ ሰማይ፣ ደምሽ አናትሽ ላይ ነው። የቁም ሣጥኑ በር በራሱ ይከፈታል። ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጥሽው ሻይ ተንሸራቶ ጭንሽ ላይ ያርፋል። ግቢያችን ሲመለሱ ውሃ ልኩን አስቀመጡበት፤ አረፋው መሀል። ሌላ ውሃ ልክ ተዋሱ፤ አረፋው መሀል። ብዙ ከተነጋገሩ በኋላ የደረሱበት ውሳኔ የከተማው መንገድ በሙሉ ጠማማ ነው የሚል ሆነ።

ለሁለተኛው ጉዞ ወንድሜ ከፊት መስታወቱ ላይ «ይህ መኖሪያ ቤት ነው» የሚል ጽሑፍ ለጠፈ። ፌርማታ ላይ የቆሙት ሰዎች አነበቡትና «አዲስ መስመር ተከፍቷል እንዴ? መኖሪያ ቤት በየት በኩል ነው?» እያሉ ገቡ። ወንድሜ ምን ያድርግ? ቆሞ የሚጠብቅን ሰው አልፎ መሄድ ለእሱ ሰው በጥፊ መምታት ነው።

ከገቡት መሀል አንዲት ሴት የቁም ሣጥን መስታወት ተሸክማለች፣ ከራሷ የሚበልጥ። ስትወርድ ጠጋ በሉ አዘነችላትና ወርዳ የታችኛውን ጫፍ ያዘችላት። መስታወቱ ሲወጣ የሳህን ቁም ሣጥኑን በር ገፋው። በሩ ጧ አለ። ነጥሮ ተመለሰና ደግሞ ጧ አለ።

ወንድሜ ሁለት ምት ሰማ። ሁለት ምት ደግሞ ሂድ ማለት ነው። ሄደ።

እኔን የገረመኝ መሄዱ አይደለም። መንገዱን ሙሉ ለሚስቱ ሲያወራላት ነው የሄደው። ሐይቁ ዳር ምን እንደሚያደርጉ፣ ጠዋት ውሃው ላይ ጭጋግ ሲነሳ አብረው ቁጭ ብለው እንደሚያዩ፣ እሷን ሳያስነሳ ሻይ አፍልቶ እንደሚያመጣላት። ዕድሜውን ሁሉ ከኋላው ሆና ስትሠራ ስለኖረች አጠገቡ ያለው ወንበር ባዶ መሆኑን ልብ አላለም። ዝም ስትለው የተስማማች መሰለው። መጨረሻው ፌርማታ ደረሰ፤ እጁ መሪውን አዞረ፤ ሲመለስ ጠጋ በሉ ከመስታወቷ ሴትዮ ጋር መንገድ ዳር ቆማ ስትጠብቀው አገኛት። መስታወቱ ወደ እሱ ዞሯል። መጀመሪያ ያየው የራሱን ፊት ነው፣ አፉ ገና እያወራ።

ጠጋ በሉ ብትጮህ ኖሮ ባልተጨነቅን ነበር። ጩኸቷን ለምደነዋል፤ ከተማው ሁሉ ለምዶታል። የዚያን ዕለት ግን በቀስታ ነው የተናገረችው፣ ግቢያችን መሀል ቆማ፣ እኔ እየሰማሁ።

«አንድ ጊዜ እንሞክራለን፤ አንድ ጊዜ ብቻ። እዚያ ፌርማታ ላይ መሪውን ካዞርከው እወርዳለሁ። ኮረብታውን በእግሬ እወጣዋለሁ። አንተ ገበያና ፌርማታ፣ ፌርማታና ገበያ እያልክ ኑር። ከሐይቁ ስመለስ ደግሞ የምገባው እትዬ ቤት ነው።»

ስትቀልድ አልነበረም። ጉልበቷ ስንት ዘመን ቆሞ የሠራ ጉልበት ነው፤ የእኔን ደረጃ እንኳ የምትወጣው ግድግዳ ይዛ ነው። ያ ኮረብታ ምን እንደሚያደርጋት እሱም ያውቃል፤ እሷም ታውቃለች።

በነጋታው ወንድሜ እኔ ጋ መጣና ደጃፌ ላይ ተቀመጠ። ውሃ ልኩን ይዞ አረፋውን ወዲያ ወዲህ ያስኬደዋል።

«እትዬ፣ ከዚያ ወዲያ ፌርማታ የለም።»

«እና?»

«የት ነው የምቆመው?»

 ልጅ ሆኖ ሲያለቅስ ዳቦ እቆርስለት ነበር። ዳቦ ቆረስኩለት፤ በላና ሄደ።

ለሦስተኛው ጉዞ እኔም ልሂድ አልኩ። «መሀላችን እንድትገቢ ነው?» አለችኝ ጠጋ በሉ። «መስኮቴ ከዚህ ስለማያሳየኝ ነው» አልኳት። ከአልጋው አጠገብ፣ ቁም ሣጥኑ ሥር ወንበር አደረጉልኝ። የቁም ሣጥኑን በር ጠጋ በሉ በሻሿ ቋጠሮ በቋጠሮ አድርጋ አሰረችው፣ እንደገና ባሏን እንዳይልክባት። የሻይ ብርጭቆ ሰጡኝ፤ በእጄ እንድይዘው እንጂ ጠረጴዛው ላይ እንዳላስቀምጠው ተነገረኝ።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼን ድሬ ከጨረስኩ በኋላ ነው። እስከ አሁንም ጽሑፍ ካየሁ ማለፍ አይሆንልኝም፤ ወንድሜ ፌርማታ ማለፍ እንደማይሆንለት ማለት ነው። ስለዚህ የሱቁን ስም ሁሉ ድምፄን ከፍ አድርጌ እያነበብኩ ሄድኩ። «ምስማርና ቀለም። የሴቶች ፀጉር ቤት። ጎማ እንለጥፋለን። እዚህ ቦታ መሽናት ክልክል ነው።»

«እትዬ፣ በናትሽ» አለች ጠጋ በሉ ከፊት።

«ገና ነኝ፤ ያኛው ጎን ቀርቶኛል።»

ወንድሜ እንደ ልማዱ በየፌርማታው ቆመ። ፀጉር አስተካካዩ ገባና በቀጥታ አልጋው ላይ ወጣ። እግሩ ወደ ላይ፣ ራሱ ወደ ታች ሆኖ ወዲያው ያንኮራፋ ጀመር። የሚወርድበት ፌርማታ ሲደርስ ብቀሰቅሰው አልነቃም። ደሙ ሁሉ አናቱ ላይ ነው፤ በምን ይስማኝ?

መጨረሻው ፌርማታ ደረስን። ከተኛው ፀጉር አስተካካይ በቀር ሰው ሁሉ ወረደ። 

 ሞተሩ ይንገጫገጫል። በስተግራ አውቶቡሶች ሲዞሩበት የኖሩበት ሰፊ ቦታ፣ አስፋልቱ በጎማ ክብ ተበልቷል። ፊት ለፊት ኮረብታው። ወንድሜ መሪውን በሁለት እጁ ይዟል። ጀርባውን አየዋለሁ፤ ጀርባው ላይ ሸሚዙ ርሷል። ጠጋ በሉ አላየችውም፤ ኮረብታውን ነው የምታየው።

መሪው ወደ ግራ ትንሽ ዞረ። ከዚያ ትንሽ ጨመረ።

ጠጋ በሉ ተነሳች። ቦርሳዋን አንስታ ትከሻዋ ላይ አደረገች። አልጮኸችም። በመሀሉ መተላለፊያ፣ የጣሪያውን ብረት እየያዘች፣ እኔን አልፋ ወደ ኋላው በር ሄደች። አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አወረደች። ጉልበቷ ቀጭ ሲል ሰማሁት።

እኔ ታላቃቸው ነኝ። የሚያስታርቅ ቃል መናገር ያለብኝ እኔ ነበርኩ።  ዓይኔ ግን ሻሹ ላይ አረፈ። ብርጭቆዬን በጉልበቶቼ መሀል አጣበቅሁና ቋጠሮውን ፈታሁ። ሁለተኛውን በጥርሴ ፈታሁት። የቁም ሣጥኑ በር ተከፈተ። ያዝኩትና ባለ በሌለ ኃይሌ መታሁት።

ጧ!

ደግሞ ጧ!

የወንድሜ እግር ነዳጁን ረገጠ። መሪው እንደ ተወጠረ ላስቲክ ወደ ቦታው ተመለሰ። አውቶቡሱ ዘለለ፤ እኔ ከነወንበሬ ወደ ኋላ ሄድኩ፤ ጠጋ በሉ ደረጃው ላይ ተንጠልጥላ የበሩን ብረት ያዘች። ዕድሜዋን ሙሉ እንዳደረገችው እግሯን በአንድ ጊዜ ሰበሰበችና ገባች፤ መዳፏ የአውቶቡሱን ጎን መታ፤ አፏም ሳታስበው ተከፈተ፤

«ሳበው!»

ፌርማታው በኋላው መስኮት እያነሰ ሄደ። ለመጀመሪያ ጊዜ እያነሰ የሄደው ፌርማታው ሆነ፤ መንገዱ አይደለም።

ጠጋ በሉ ከዚያ በኋላ ወደ ፊት ወንበር አልተመለሰችም። እዚያው የኋላው በር ላይ፣ ቦታዋ ላይ ቆማ ቀረች። ወንድሜ ዳገቱ ላይ በፈራ ቁጥር አውቶቡሱ ቀዝቀዝ ይላል፤ እሷ ሁለት ጊዜ ትመታለች፤ እሱ ይስባል። ዳገቱ ደግሞ ያንን ጠማማ ቤት ጭራሽ አዘመመው። ሳህኑ፣ ዳቦው፣ ትራሱ፣ እኔ፣ ሁላችንም ኋላ ተከመርን። ፀጉር አስተካካዩ ከአልጋው ተንሸራትቶ ጭኔ ላይ መጣና ዓይኑን ገለጠ።

«ገበያ ደረስን እማማ?»

«ተኛ ልጄ» አልኩት።

በመስኮት አየ። «ኧረ ኮረብታ ነው! ሱቄን ክፍት ትቼ ነው የመጣሁት! ወራጅ አለ!»

«እዚህ ፌርማታ የለም!» አለ ወንድሜ ከፊት። ሲናገር ድምፁ ውስጥ ደስታ ሰማሁ። «ፌርማታ የለም እኮ ነው የምልህ!»

እኔ የማነበው አጣሁ። ከኮረብታው ወዲያ አንድም ጽሑፍ የለም፤ ሣር ነው፣ ድንጋይ ነው፣ ሰማይ ነው። ዝም አልኩ። «እትዬ ምን ሆነች?» ብለው ሁለቱም በአንድ ጊዜ ጠየቁ።

ሐይቁ እውነት ነበር። መንገዱ ወርዶ ወርዶ ውሃው ዳር ያበቃል። ወንድሜ አሸዋው ላይ አቆመና ሞተሩን አጠፋ። በሥራው ዘመን በየቀኑ ለተሳፋሪው የሚለውን አንድ ቃል አለ፤

«መጨረሻ ነው! ሁላችሁም ውረዱ!»

ከዚያ እንደ ልማዱ መሪውን ይዞ፣ ሰው እስኪወርድለት ቁጭ አለ። ጠጋ በሉ ወረደች። በውጭ በኩል ዞራ ሄዳ ከእሱ በር ሥር ቆመችና በመዳፏ ቆርቆሮውን አንድ ጊዜ መታች።

«ወራጅ አለ» አለችው።

«ማን?»

«አንተ ነሃ፣ አንተ ሰውዬ! ስንት ሺህ ሰው አውርደሃል፤ ራስህን አውርድ እንጂ!»

ወንድሜ እጁን ከመሪው ላይ አነሳ። ወረደ። እግሩን አሸዋው ላይ ሲያሳርፍ የሆነ ነገር እንዳይሰብር የፈራ ይመስል ነበር። እሷ እጁን ያዘችው፤ ወደ ውሃው ሄዱ። ከእነሱ ቀጥሎ አውቶቡሱም ወደ ውሃው ሄደ።

የእጅ ፍሬኑን ረስቶታል። ራሱ ወርዶ ስለማያውቅ ይሆናል። እኔና ፀጉር አስተካካዩ ውስጥ ነን፤ እኔ ብርጭቆዬን ይዤ።

«እማማ፣ እየሄድን ነው» አለኝ።

«አያለሁ።»

«ሹፌሩ እኮ ውጭ ነው!»

«እሱንም አያለሁ።»

ውጭ ሁለቱ ይጮሃሉ። ወንድሜ የአውቶቡሱን አፍንጫ በደረቱ ሊያቆም ይሞክራል፤ ጠጋ በሉ ጎኑን አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ እየመታች «ቁም! ቁም!» ትላለች። አውቶቡሱ የፊት ጎማዎቹን ቀስ ብሎ ውሃው ውስጥ አስገባ፤ አሸዋው ሰመጥ አደረጋቸው፤ አፍንጫው ዘቅዘቅ አለና ቆመ።

ያኔ ብርጭቆዬን አየሁ። ሻዩ ጠርዙ ላይ ዙሪያውን እኩል ሆኗል። ቀስ ብዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ቆመ። የቁም ሣጥኑ በር ማንም ሳይነካው ተገጠመ። አልጋው ቀጥ፣ መደርደሪያው ቀጥ። ግቢያችን ውስጥ እንደነበረው፣ አፍንጫው ቁልቁል፣ ቤቱ ልክ።

ወንድሜ እስከ ጉልበቱ በውሃ ርሶ ብቅ አለ። «እትዬ! ተረፍሽ? ቆይ፣ አሁን ወደ ኋላ እስበዋለሁ፣ አንቺ ብቻ...»

«እንዳትነካው!» አልኩት። «ማንም እንዳይነካው! ውሃ ልኩን አምጣ!»

አመጣ። አስቀመጠ። ጠጋ በሉ ውሃ በሚንጠባጠብ ቀሚሷ መጥታ አጎነበሰች፤ አንድ ዓይኗን ጨፈነች። አረፋው መሀል ላይ ነው።  ከዚያ ጠጋ በሉ ሳቀች፤ የሠርጉ ዕለት ያልሳቀችውን ሁሉ ጨምራ ሳቀች።

«የከተማው መንገድ አይደለም ጠማማው» አለች።

«አይደለም» አለ ወንድሜ።

ትራክተር ያለው ሰው በነጋታው መጥቶ ጎትቶ አወጣን፤ ፀጉር አስተካካዩ በምስጋና ፂሙን ላጨው። እስከዚያው ግን እዚያው አደርን፣ ቀጥ ባለ አልጋ። ጠዋት ውሃው ላይ ጭጋግ ነበር። ወንድሜ ሻይ አፍልቶ ሲያመጣላት በመስኮት አየኋቸው፤ ጎን ለጎን ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ድንጋዩ ለሁለት አይበቃም። ምን እንዳለችው አልሰማሁም፤ እሱ ግን ጠጋ አለ።

አልጋውንና ቁም ሣጥኑን ነቅለው እንደገና የሠሩት እንዳይመስልሽ። ወንድሜ «ቤት ከማቅናት መሬት ማጣመም ይቀላል» ብሎ አካፋ ገዛ። አሁን በሄዱበት ሁሉ፣ ወንዝ ዳር ይሁን ጫካ ሥር፣ መጀመሪያ ሁለት ጉድጓድ ይቆፍራል፤ የፊት ጎማዎቹን ያስገባል፤ እኔ ሻዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ልክ ነው ወይም ጨምር እላለሁ። ወንድሜ መጨረሻው ፌርማታ ላይ እስከ ዛሬ ትንሽ ቀዝቀዝ ይላል። ያኔ የቁም ሣጥኑን በር ሁለት ጊዜ የመምታቱን ሥራ የወሰድኩት እኔ ነኝ።